ከጣርማበር ቁልቁል ፍሬን ሲጠፋ

ዳትሰን 240ዜድ ደብረ ብርሃን ውስጥ በየቀኑ የሚታይ መኪና አይደለም። ጋራዣችን በር ላይ ስትቆም ልጆቹ ሥራቸውን ጥለው ወጡ። እኔም ወጣሁ። እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈችው ይህችው ሞዴል ናት። አርጅታም ግርማዋ አልለቀቃትም።

ባለቤቱ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። ለውድድር እያዘጋጃት ነበር። ሞተሩ ተሠርቷል፣ ሞላው ተቀይሯል። የፊት ፍሬኑን ደግሞ ሌላ ቦታ አሳድገውለታል። የፋብሪካውን ካሊፐር፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ በሸራ የሚጨብጠውን ክፍል፣ አውልቀው የድሮ ቶዮታ ሃይሉክስ ፎር ዊል ካሊፐር አስረውበታል። በዜድ ወዳጆች ዘንድ ይህ የታወቀ ዘዴ ነው። የ1980ዎቹ መጀመሪያ ሃይሉክስ ባለ አራት ፒስተን ካሊፐር እዚህች መኪና ላይ ያለ ብዙ ጣጣ ይገጥማል። ከዲስኩ ኋላ ያለውን ቆርቆሮ መቁረጥ፣ የዘይት ቱቦውን ማስተካከል፣ አለቀ። ዋጋውም ከውጭ ከሚመጣ የውድድር ካሊፐር ጋር አይወዳደርም።

እኛ ጋ የመጣው ጎማና ብሎን እንድናይለት ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ጣርማበርን ወርጄ ሸዋሮቢት ድረስ ልሞክራት ነው» አለኝ።

«የፍሬን ዘይቱ መቼ ተቀየረ?»

«ካሊፐሩ ሲታሰር ሞልተውበታል።»

የጎደለ መሙላት አሮጌውን አውጥቶ እንደ መቀየር አይደለም። ልየው አልኩት። ቸኩሎ ነበር፤ ሲመለስ እናየዋለን ብሎ ሄደ።

ከሰዓት ስልክ ደወለ። ከደብረ ሲና አልፎ ቁልቁለቱ ላይ ነው። «ጋሼ፣ ፍሬን በጠሰ!» ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰምጦበታል። እየደጋገመ ሲረግጥ ትንሽ ያዝ እያደረገለት፣ በከባድ ማርሽና በእጅ ፍሬን ታግሎ ዳር አቁሟታል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከፊቱ ሰውም መኪናም አልነበረም። ያንን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ይገባዋል።

አንዱን ልጅ ይዤ ወረድኩ። ስንደርስ ወጣቱ ግራ ተጋብቷል። ፔዳሉ ተመልሷል! ሲረግጠው ድንጋይ ነው። ቆሞ የነበረ አንድ የአይሱዙ ሾፌር «ደህና ነው፣ ቀስ ብለህ ንዳት» ብሎ መክሮታል። እሱም ሊነሳ ነበር።

«አትነሳም» አልኩት።

ከመላው ገጠመኝ እጅግ የሚያስፈራኝ ይህች ሰዓት ናት። ዘይት ሲረገጥ አይታመቅም፤ ለዚህ ነው የእግራችን ጉልበት ካሊፐሩ ድረስ የሚደርሰው። ዘይቱ ከፈላ ግን ውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ይታመቃል። ስትረግጥ እሱን ትጨምቃለህ እንጂ ሸራው ዲስኩን አይጨብጥም። መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ይጠፋል፣ ፔዳሉ ይመለሳል። ሰው የዳነ ይመስለዋል። ቀጣዩ ቁልቁለት ላይ እንደገና ይከዳዋል፤ ያኔ ዳር የሚይዝበት ቦታ ላይገኝ ይችላል።

መኪናዋን ጭነን ወጣን። ጋራዥ ስንገባ መጀመሪያ የዘይት ማጠራቀሚያዋን ክዳን ከፈትኩ። ዘይቱ እንደ ቆየ ሻይ ጠቁሯል። ከዚያ የፊት ጎማ አወለቅን። ሸራው ፊቱ ተቃጥሎ መስታወት ሆኗል፤ ጥፍሬን ሳሳልፍበት ያንሸራትታል። ዲስኩ ላይ ሰማያዊ ጥላ ወጥቷል። ሽታውን ልገልጸው አልችልም፤ የፍሬን ሥራ የሠራ ያውቀዋል።

ወጣቱ ያልገባው አንድ ነገር ነበር። «ካሊፐሩ እኮ ትልቅ ነው!» ይላል። ትክክል ነው፣ ካሊፐሩ ትልቅ ነው። ዲስኩ ግን ያው የፋብሪካው ነው። 12.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ መሀሉ የአየር መተላለፊያ የሌለው ድፍን ዲስክ። ካሊፐር ይጨብጣል፤ ሙቀቱን የሚሸከመው በአብዛኛው ዲስኩ ነው። ጡንቻውን አሳድገው ሙቀት መሸከሚያውን እንዳለ ትተውታል።

ወረቀት አምጥቼ አብረን አሰላን። ከጣርማበር ዋሻ እስከ ሸዋሮቢት ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1,800 ሜትር አያንስም። ይህን ሁሉ በፍሬን ብቻ ብትወርድ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተነስቶ ከ45 ጊዜ በላይ ሙሉ በሙሉ እንደ መቆም ነው። የመኪናው ክብደት ሒሳቡን አይለውጠውም። እርግጥ ሞተሩና ነፋሱ ከዚያ ላይ ብዙ ይወስዳሉ። እሱ ግን ለሙከራ ብሎ በየመታጠፊያው እየፈጠነ፣ እየረገጠ ነው የወረደው። የውድድር መንገድም ፍሬን ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ዲስኩ ሳይበርድ ደግሞ ይረገጣል።

የዘይቱን ነገር ልጨምር። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ዶት 4 ደግሞ እስከ 230። ነገር ግን ዘይቱ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ውሃ ሲገባበት ዝቅተኛው መለኪያ ለዶት 3 ወደ 140፣ ለዶት 4 ወደ 155 ይወርዳል። አሮጌ ዘይት ይዞ ለውድድር መግባት ማለት ይኼ ነው። ከፍታውም አያግዝም። ጣርማበር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ዘይቱ ትንሽ ቀድሞ ይፈላል። የእግርን ግፊት የሚያግዘው ሰርቮም የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ስለሆነ እገዛው ይቀንሳል፤ እግርህ የበለጠ መግፋት አለበት።

ሥራውን እንዲህ ጀመርን። ዘይቱን በሙሉ አውጥተን በአዲስ ዶት 4 ተካን፤ ከአራቱም ጎማ ንጹህ ዘይት እስኪመጣ አየር አስወጣን። የጎማ ቱቦዎቹ አርጅተው ሲረገጡ ያብጡ ስለነበር በብረት ሽቦ በተጠለፉ ተቀየሩ። ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ሸራ አስመጣ። ሸራውን ከዲስኩ ጋር ለማላመድ ሜዳ መንገድ ላይ ከ80 ወደ 20 እየደጋገምን፣ ጨርሰን ሳናቆም ቀነስን፤ ከዚያ ሳንረግጥ በነፋስ አቀዘቀዝናት። ብዙ ሰው ይህችን ይዘላታል። እኔ ግን ሳላላምድ ቁልፍ አላስረክብም።

አንድ ነገር ላይ ተከራከርን። ወጣቱ ከዚህም የበለጠ ካሊፐር ይፈልጋል። «ጎማዋን መቆለፍ ትችላለህ?» አልኩት። «አዎ።» እንግዲያው የመጨበጥ ጉልበት አልጎደለህም። መኪናን መጨረሻ ላይ የሚያቆማት ጎማና አስፋልት ነው። እንዲያውም የፊቱ በዝቶ የኋላው ያው የድሮው ታምቡር (ሸራው ከውስጥ ወደ ውጭ ተከፍቶ የሚይዝ ፍሬን) ስለሆነ፣ የፊቱ ቀድሞ ይቆለፋል። የኋላው ሥራ ይፈታል። ጭቃና ጉም ባለበት የእኛ መንገድ ላይ ደግሞ ፊቱ የተቆለፈ መኪና መሪ አይሰማም። ትንሽ አኮረፈ። ኋላ ግን የታምቡሩን ሸራ አስተካክለን ሲነዳት ልዩነቱን ራሱ ነገረኝ።

ለቀጣዩ ዙር ያዘዝኩት መሀሉ አየር የሚያሳልፍ ዲስክ ነው። ለዚህ የታወቀው መንገድ የኋለኛው ሞዴል የ300ዜድኤክስ ዲስክና ለወፍራም ዲስክ የሚሆነው ሰፋ ያለው የሃይሉክስ ካሊፐር ነው፤ በመሀል ማራራቂያ ይገባል። ፒስተኑ ትልቅ በመሆኑ ፔዳሉ ረዝሞ ስለነበር የ280ዜድኤክስ 15/16 ኢንች ማስተርም (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) አብሮ ይመጣል። ዕቃው እስኪደርስ መኪናዋን ወስዷታል። ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት ዘይቱን ሊቀይር፣ ጣርማበርንም በሁለተኛ ማርሽ ሊወርድ ቃል አስገብቼዋለሁ።