በአንጎል ሞገድ የሚያድግ ዛፍ እንዴት ሠራሁ

የፈለግኩት አንድ ሰው ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ ፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ የብርሃን ዛፍ እንዲያድግለት ነበር። ዛፉ የሚታየው በኦግመንትድ ሪያሊቲ፣ ማለትም በታብሌት ካሜራ በኩል ነው።

ለመለኪያ ግንባር ላይ የሚታሰረውን ሙዝ (Muse) የተባለ ሴንሰር ተጠቀምኩ። የአንጎልን የኤሌክትሪክ ምልክት በሰከንድ 256 ጊዜ ይለካል። መረጃው በብሉቱዝ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። እዚያ አልፋ የሚባለውን፣ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚወዛወዘውን ሞገድ ለይቼ ዛፉን ወደሚሥለው ዩኒቲ ወደተባለ የጌም መሥሪያ ፕሮግራም እልካለሁ፤ አልፋ ሲበረታ ዛፉ ያድጋል። ለዚህ የተዘጋጁ ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) ስላሉ ብዙም አያስቸግርም።

የሚያስቸግረው ምልክቱ ነው። ከቆዳ ላይ የሚገኘው የአንጎል ሞገድ በማይክሮቮልት የሚለካ፣ እጅግ ደካማ ነገር ነው። ጥርስ ነከስ ካደረጋችሁ የመንጋጋ ጡንቻ ሁሉንም ይውጠዋል። ዓይን ጨፈን ገለጥ ሲል መስመሩ ላይ ትልቅ ጉብታ ይወጣል። ስለዚህ ሰው በእጁ ይዞት እንዳይንቀሳቀስ ታብሌቱን ማቆሚያ ላይ አደረግኩት፤ ከልክ ያለፈውንም ምልክት እየጣልኩ የቀረውን የጥቂት ሰከንድ አማካይ ወሰድኩ። የሰው ሁሉ ልክ አንድ ስላልሆነ መጀመሪያ የየሰዉን መነሻ እለካለሁ።

ዋናው ጥያቄ ግን የመጣው ከአልፋ ጠባይ ነው። የሰውን የአንጎል ሞገድ መጀመሪያ የመዘገበው ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር እንደገለጸው፣ አልፋ ጎልቶ የሚታየው ዓይን ሲጨፈን ነው። እንግዲህ ዛፉ በደንብ የሚያድገው ባለቤቱ በማያየው ሰዓት ነው ማለት ነው! መፍትሔውን ያገኘሁት ከአሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ከአልቪን ሉሲየር ነው። እሱ በ1965 በአልፋ ሞገዱ ከበሮዎችን አስመትቷል። ጆሮ ዓይን እስኪገለጥ አይጠብቅም። እኔም ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት፦ ዓይን ሲጨፈን ዛፉ በድምፅ ያድጋል፤ ሲገለጥ ያደገው ሁሉ ሳይቀንስ ይታያል። ሰዎች ዓይናቸውን ገልጠው ቅርንጫፉን ቀና ብለው ሲያዩ ፊታቸው የሚበራውን ነገር በጣም እወደዋለሁ።

«ሐሳቤን ያነባል እንዴ?» የሚለኝ ብዙ ነው። አያነብም። ዓይን መጨፈን ብቻውን አልፋን ከፍ ስለሚያደርግ «ተረጋግተሃል» የሚል ጽሑፍም አላሳይም። የአንጎል መረጃ የግል ነውና ፋይሉንም አላስቀምጥም።

መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ኦግመንትድ ሪያሊቲውን ለጊዜው ተዉትና ጥሬውን ምልክት በተራ ግራፍ እዩት። ጥርስ ንከሱ፣ ዓይን ጨፍኑ፣ ግለጡ። የትኛው መስመር ከምን እንደመጣ በዓይናችሁ መለየት ስትችሉ ወደ ሥዕሉ ግቡ።