ቆሽት የት ነው?

«ቆሽት የት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አምስት ናቸው፤ የእህቴ ልጅና አራት የጎረቤት ልጆች። ሁሉም ስምንተኛ ክፍል ናቸው። ሚኒስትሪ ሊፈተኑ ሦስት ወር ገደማ ቀርቷቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት እያመጣሁ አስጠናቸዋለሁ።

የሥርዓተ ልመትን፣ ማለትም የምግብ መፈጨትን ምዕራፍ በቃላቸው ሸምድደውታል። የትንሹን አንጀት ክፍሎች ዱዎዲነም፣ ጀጁነም፣ ኢሊየም እያሉ እንደ ዜማ ያወርዱታል። ፓንክሪያስ ምን እንደሚሠራ ስጠይቅ ተሽቀዳድመው መለሱ። ቆሽት የት ነው ስል ግን እርስ በርስ ተያዩ። የእህቴ ልጅ «ቆሽቴ አረረ ሲባል ነው የምሰማው» አለች። ፓንክሪያስና ቆሽት አንድ ነገር መሆናቸውን አንዳቸውም አላወቁም።

ደብተሩን አስዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቅዳሜዎች ምን እንዳደረግን፣ የቱ እንደሠራ፣ የቱ እንዳልሠራ ልጻፈው። ልጅ የሚያስጠና ሰው ይጠቀምበት ይሆናል።

መጀመሪያ ወረቀት ሰጠኋቸውና ቤት ውስጥ ሰው ሲናደድ፣ ሲያዝን፣ ሲደሰት ስለ ሆድ ዕቃው የሚለውን ሁሉ ጻፉ አልኳቸው። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አንጀቴን በላው። አንጀቴ ራሰ። ሐሞቴ ፈሰሰ። ጨጓራዬን ላጠው። ቆሽቴ አረረ። ሆዴ ባባ። ጉበትንና ምላስንም ጨመሩ። አፋቸው ላይ ያለው ነገር ከመጽሐፉ ምዕራፍ ብዙም አያንስም። የጎደለው ቦታው ነው።

የቴሌቪዥን ካርቶን ዘረጋን። ትንሹ ልጅ ተጋደመበትና ዙሪያውን በማርከር አሰመርን። ከዚያ እያንዳንዱን አባባል ቦታው ላይ መለጠፍ ጀመሩ። ጉበት በቀኝ፣ ከጎድን አጥንት ሥር። ሐሞት ከጉበት በታች ተለጥፎ። ጨጓራ ወደ ግራ። እዚህ ላይ ሁሉም ተሳሳቱ፤ ጨጓራን እምብርት ላይ አስቀመጡት። ሰው «ሆዴን አመመኝ» ሲል እጁን እምብርቱ ላይ ስለሚያደርግ ነው መሰለኝ። ቆሽትን ከጨጓራ ጀርባ አጋደምነው፤ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በቀን ከአንድ ሊትር በላይ ፈሳሽ ወደ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ያፈሳል። ፈሳሹ ከጨጓራ የመጣውን አሲድ ያረክሳል፤ ስታርችን፣ ቅባትንና ፕሮቲንን የሚሰባብሩ ኤንዛይሞችም አሉት። ፕሮቲን የሚፈጩት ኤንዛይሞች ከቆሽት የሚወጡት ተኝተው ነው፤ የሚነቁት አንጀት ከደረሱ በኋላ ነው። እዚያው ቆሽት ውስጥ ከነቁ ራሱን ቆሽትን መፍጨት ይጀምራሉ፤ ብርቱ ሕመም ነው። ይህን ስነግራቸው አንዱ «አረረ ማለት ለካ ይሄ ነው!» አለ። አባባሉን የፈጠሩት ሰዎች ይህን አስበው እንዳልሆነ ነገርኩት። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ቆሽትን አልረሳም።

በሁለተኛው ቅዳሜ አፍ ላይ ነበርን። ጥርሳቸውን በምላሳቸው ቆጠሩ። 28 ነው። የቀሩት አራቱ ወደፊት የሚበቅሉት የኋላ መንጋጋዎች ናቸው። ከዚያ ዳቦ አላመጡ፤ ሳይውጡ ሁለት ሦስት ደቂቃ። መጣፈጥ ሲጀምር ዓይናቸው ፈጠጠ። በምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ ኤንዛይም የዳቦውን ስታርች ወደ ስኳር እየቀየረው ነው።

ይህንን በአዮዲን ላሳያቸው ብዬ ከሸፈብኝ፤ አዮዲን ስታርች ሲነካ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። የታኘከው ዳቦ ላይ አዮዲን ጠብ ሳደርግ፣ ካልታኘከው ጋር እኩል ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። ልጆቹ «እና የታለ?» አሉ። ዳቦው ውስጥ ያለው ስታርች ከምራቁ አቅም በላይ ነው፤ ጊዜም አልሰጠሁትም። በሳምንቱ ድንች ቀቅዬ ውሃውን ብቻ አጠለልኩ፤ አቅጥኜ በሁለት የሻይ ብርጭቆ አደረግኩት። በአንዱ ውስጥ ተራ በተራ ምራቅ ተፉ። የእህቴ ልጅ ብርጭቆውን በሁለት መዳፏ አቅፋ ሩብ ሰዓት ያዘችው፤ ኤንዛይሙ የሰውነትን ሙቀት ይወዳል። አዮዲኑን ስንጨምር ምራቅ የሌለበት ጠቆረ። የሷ ግን እንደ ቀጭን ሻይ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ያንን ዝምታ በማብራሪያ ባላበላሸው ጥሩ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አዮዲኑ አይቀመስም፤ ከልጆቹ አፍ አርቄ ነው ያሠራሁት፤ ይሄ እንዳይዘነጋ።

ጉሮሮን በፍጥነት ጨረስነው። አንደኛዋ ልጅ ጎንበስ ብላ ጭንቅላቷን ከወገቧ ዝቅ አድርጋ በስትሮ ውሃ ጠጣች። ውሃው ወደ ላይ ወጣ፤ ጨጓራዋ ገባ። ምግብ የሚወርደው ስለሚከብድ አይደለም፤ 25 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው የምግብ ቧንቧ ጡንቻ እየጨመቀ ስለሚገፋው ነው።

ስለ ጨጓራ ስናወራ እናቴ ሶፋ ላይ ነበረች። «እኔ ራሴ ጨጓራ አለብኝ» አለች። ትንሹ ልጅ ከልቡ ደነገጠና «እማማ፣ የሌለበት ሰው አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። እውነቱን ነው። ሁላችንም አለን፤ የሚያመን የጨጓራው ግድግዳ ሲቆጣ ነው። አሲዱ ስጋን የሚያቀልጥ ከሆነ ጨጓራውን ለምን አያቀልጠውም የሚለው ጥያቄም ከዚህ መጣ። ግድግዳው በወፍራም ዝልግልግ ፈሳሽ የተሸፈነ ነው፤ የላይኛው የሴል ሽፋኑም በየጥቂት ቀኑ ይታደሳል። ኤች ፓይሎሪ የተባለችው ባክቴሪያ ግን ያንን ዝልግልግ ሰርስራ ትገባለች፤ ግድግዳውን ታቆስላለች። የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው በጭንቀትና በቅመም ነው ተብሎ ሲታመን፣ አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያዋን ራሱ ጠጣት። ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለሙ። እናቴ ይህን ሰምታ በሳምንቱ ተመረመረች። ለዓመታት በርበሬን ብቻ ስትወቅስ ነበር።

ሌላም ታሪክ ነገርኳቸው፤ ከሁሉም የወደዱት እሱን ነው። በ1822 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ማኪናክ በምትባል ደሴት አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ ወጣት ጠመንጃ ባርቆ ሆዱን መታው። ዳነ፤ የጨጓራው ቀዳዳ ግን አልዘጋም። ያከመው የጦር ሐኪም ዊልያም ቦሞንት ሥጋና አትክልት በሐር ክር እያሰረ በቀዳዳው ያስገባ፣ በየሰዓቱ እያወጣ ያይ ጀመር። ጨጓራ የሚሠራው በማሸት ብቻ ሳይሆን በኬሚካል ጭምር መሆኑን በ1833 ባሳተመው መጽሐፍ አሳየ። የእህቴ ልጅ «ልጁ እሺ ብሎ ነው?» አለችኝ። የተቀጠረ አገልጋይ እንደነበር፣ ውል እንደፈረመ፣ ደሀ እንደነበርም ነገርኳት። «ታዲያ እምቢ ማለት ይችል ነበር?» አለች። መልስ አልሰጠኋትም። የምንማረው ነገር በማን ሰውነት ላይ እንደተገኘ መጠየቋን ግን እንድትቀጥልበት እፈልጋለሁ።

ከዚያ ፋሲካ ደረሰ። ልጆቹን በጠዋት የኮንዶሚኒየሙ የጋራ ማረጃ ወሰድኳቸው። በጉን የሚገፈው ጎረቤታችን ጋሼ በደስታ ፈቀደልን። ሆድ ዕቃው ሲወጣ የእጁ አያያዝ ተለወጠ። ቀስ አለ። «ሐሞቷን እንዳትነኳት፣ ጉበቱን መራራ ታደርግብናለች» አለ። አረንጓዴዋን ከረጢት በሁለት ጣቱ ይዞ በቢላው ጫፍ ለያትና ለእኔ ሰጠኝ። በሁለት ብርጭቆ ዘይትና ውሃ አድርጌ ይዤ ነበር። በአንዱ ሐሞቱን ጠብ ጠብ አድርጌ ሁለቱንም በክዳን ዘግቼ ናጥኳቸው። ሐሞት የሌለበት ብርጭቆ ዘይቱ ወዲያው ተመልሶ ከላይ ተንሳፈፈ። ሐሞት ያለበት ግን ደፍርሶ ቀረ፤ ዘይቱ ተበጣጥሶ ውሃው ውስጥ ተበትኗል። ቅባት እንዲህ ሲበታተን ነው የቆሽት ኤንዛይም የሚደርስበት። ጋሼም ቢላውን አስቀምጦ መጣና አየ። «ይቺን ስጥላት ነው የኖርኩት» አለ።

እዚህ ቀን ላይ ትልቁን ስህተቴን ሠራሁ። ጨጓራውን፣ ሽንፍላውን፣ ሁሉንም እያገላበጡ አዩ፤ እኔም በደስታ ሳሳይ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ «ሰው ሳሉ» ስላቸው ሦስቱ ለሰውየው አራት ጨጓራ ሳሉለት። በግ የሚያመሰኳ እንስሳ ነው። ሆዱ አራት ክፍል አለው፤ ሣሩን መጀመሪያ የሚያብላሉለት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። አሲድ የሚያመነጨው፣ የእኛን የሚመስለው አራተኛው ክፍል ብቻ ነው። ይህን ቢላው ከመነሳቱ በፊት መናገር ነበረብኝ። አንድ ጊዜ በዓይን የገባ ነገር በቃል አይወጣም፤ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ለማረም ፈጀብኝ። ዶሮም እንዲሁ ናት። የዶሮ ወጡ መቋደሻ ጥርስ የሌላት ዶሮ እህል የምትፈጭበት ጡንቻ ነው፤ እኛ የለንም።

የበጉን አንጀትም ለካነው። ታጥቦ ሲዘረጋ ኮሪደሩን ደጋግሞ ሄደ፤ ትንሹ አንጀት ብቻ ከ20 ሜትር በላይ ነው። የሰውን በገመድ አሳየኋቸው፤ ትንሹ አንጀት 6 ሜትር ያህል፣ ትልቁ አንድ ሜትር ተኩል። ስድስት ሜትሩ የተለካው ከሞተ ሰው ነው። በሕይወት ያለ ሰው ጡንቻው ስለሚኮማተር ያጥራል። ትንሹና ትልቁ የሚባለው በውፍረታቸው እንጂ በርዝመታቸው አይደለም፤ ይህንን ብዙ ትልቅ ሰውም ያምታታዋል።

ስለ ውስጡ ግን ገመድ አይናገርም። ለዚያ ፎጣና ሻሽ ተጠቀምኩ። እኩል ቆርጬ ውሃ ውስጥ ነከርኳቸውና ልጆቹ ጨመቋቸው። ፎጣው ብዙ እጥፍ ውሃ ሰጠ። የትንሹ አንጀት ግድግዳም እንደ ፎጣ ጸጉራም ነው፤ ተፈጭቶ ያለቀለት ምግብ ወደ ደም የሚገባው በእነዚያ ጸጉሮች ነው። ድሮ የቴኒስ ሜዳ ያህል ይሰፋል ይባል ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች ሲለኩት የምግብ መተላለፊያው ውስጠኛ ገጽ በሙሉ 30 ካሬ ሜትር አካባቢ ሆነ። ልጆቹ ቤቴን በእርምጃ ለኩ። ከሳሎኔና ከመኝታ ቤቴ ጋር ይቀራረባል።

ስለ ትልቁ አንጀት በውሃ ብቻ አወራን። የምንጠጣው ሁለት ሊትር ያህል ነው። ሰውነታችን ራሱ ደግሞ በምራቅ፣ በጨጓራ ፈሳሽ፣ በሐሞትና በቆሽት ሰባት ሊትር ገደማ ይጨምርበታል። አብዛኛውን ትንሹ አንጀት፣ የቀረውን ትልቁ አንጀት መልሶ ይመጠዋል። ከሰገራ ጋር የሚወጣው አንድ የቡና ሲኒ ወይም ሁለት ያህል ነው። በጀሪካን ሞልቼ አሳየኋቸው። ተቅማጥ ሕፃንን እንዴት በአንድ ቀን እንደሚያደርቅ ያኔ ገባቸው። ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ኦአርኤስ ውስጥ ጨውና ስኳር አብረው የገቡትም አንጀት ሁለቱን አንድ ላይ ሲያስገባ ውሃው ስለሚከተላቸው ነው። አንዷ ልጅ ቤቷ ገብታ ለእናቷ አስተማረች፤ ታናሽ ወንድሟ ስድስት ወሩ ነው።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስልኬን ሳታስፈቅድ ወስዳ ባትሪውን ጨርሳዋለች። እናቴ «ቆሽቷን አታሳርሪያት!» ብላ ጮኸችባት። ልጅቷ ስልኩን መለሰችልኝና በመዳፏ ከጡቶቼ ሥር፣ ከጨጓራዬ ላይ ነካ አደረገችኝ።

«ከዚህ ጀርባ ነው አይደል?» አለች።