ለፒንጉ የመለሰው ሰርቨሩ አልነበረም

በአንድ የሂሳብ ሥራ ቢሮ ውስጥ ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ ፕሮግራም የተጫነበት ሰርቨር፣ ፕሪንተሩና ላፕቶፖቹ በኬብል ከአንድ ስዊች (ኬብሎችን ከሚያገናኝ ሣጥን) ጋር ተያይዘዋል። ኢንተርኔቱ የሚመጣው ግን ከስዊቹ ጋር ምንም ግንኙነት ከሌለው የዋይፋይ ራውተር ነው። የደንበኞች መዝገብ ያለበት ሰርቨር ከኢንተርኔት እንዲርቅ ታስቦ ነውና አሠራሩ የሚደገፍ ነው። ጣጣው አድራሻው ላይ ነበር፤ ሁለቱም ኔትወርኮች በ192.168.1 የሚጀምር አድራሻ ተሰጥቷቸዋል።

ቫት ዲክሌር በሚደረግበት ሰሞን ሠራተኞቹ «ኬብል ስንሰካ ኢንተርኔት ይጠፋል» አሉ። ኬብሉን የዘረጋው ባለሙያ በየላፕቶፑ የኬብል ካርድ ላይ 192.168.1.1ን ጌትዌይ፣ ማለትም ወደ ኢንተርኔት መውጫ በር፣ አድርጎ ሞልቷል፤ በኬብሉ በኩል ግን በዚያ አድራሻ የተቀመጠ ራውተር የለም። ዊንዶውስ ሁለት ጌትዌይ ሲያገኝ ሜትሪኩ (የቅድሚያ ቁጥሩ) ዝቅ ያለውን ይመርጣል። የጊጋቢት ኬብል ሜትሪክ ብዙውን ጊዜ 25 ነው፤ ዋይፋይ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ የኢንተርኔቱ ጥያቄ ሁሉ መውጫ ወደሌለው ኬብል ይሄድ ነበር።

ሊረዳ የተጠራ ሰው የዋይፋዩን ሜትሪክ በእጁ 10 አደረገው። ኢንተርኔቱ መጣ፤ ፒችትሪ አልከፍት አለ። ሰርቨሩ 192.168.1.10 ላይ ነውና ፒንግ ሲደረግ፣ ማለትም «አለህ ወይ?» የሚል አጭር መልእክት ሲላክለት፣ መልስ ይመጣል። «ሰርቨሩ ደህና ነው፣ የተበላሸው ፒችትሪ ነው» ተብሎ ፕሮግራሙን እንደገና ለመጫን ተሰናድተው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ፕሮግራም ከመንካት በፊት ማን እየመለሰ እንደሆነ ማየት ይገባል። ሲኤምዲ (የዊንዶውስ የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት) ላይ «አርፕ» ብሎ ክፍት ቦታ ትቶ «ሰረዝ ኤ» ሲጻፍ ከአድራሻው ጎን የወጣው ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) የሰርቨሩ አልነበረም። ራውተሩ በዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ በሚያድለው አገልግሎት) ከ2 ጀምሮ ስለሚያድል 10 ቁጥር ለአንድ ሠራተኛ ስልክ ደርሶ ነበር። የሁለቱ ኔትወርኮች አድራሻ አንድ ስለሆነ፣ የዋይፋዩ ሜትሪክ ሲቀንስ ወደ ሰርቨሩ የሚላከውም በዋይፋይ ይወጣ ጀመር፤ ለፒንጉ የመለሰው ስልኩ ነው።

መፍትሔው የኬብሉን ኔትወርክ ወደ 192.168.20 ማዛወር ነው፤ የመጨረሻው ቁጥር እንዲህ ይሆናል፦ ሰርቨሩ 10፣ ፕሪንተሩ 11፣ ላፕቶፖቹ ከ21 ጀምሮ፣ ማስኩ 255.255.255.0። በኬብል ካርዱ ላይ ጌትዌይና ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው) ባዶ ይተዋሉ። የዋይፋዩ ሜትሪክ ወደ አውቶማቲክ ይመለሳል። በየላፕቶፑ በአሮጌው አድራሻ የተያያዘው የሰርቨሩ ፎልደርም በአዲሱ ይተካል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከዚህ በኋላ ነው። ጌትዌይ የሌለውን ኔትወርክ ዊንዶውስ አያውቀውም፤ ስለማያውቀውም ፐብሊክ (የማይታመን የሕዝብ ኔትወርክ) ይለዋል፣ ፋየርዎሉም (የመከላከያ ፕሮግራሙ) ፎልደር ማጋራትን ይዘጋል። ሰርቨሩ ላይ ሎካል ሴኩሪቲ ፖሊሲ ተከፍቶ፣ ኔትወርክ ሊስት ማኔጀር ፖሊሲስ ውስጥ ያልታወቁ ኔትወርኮች የሚለው ፕራይቬት (የሚታመን የግል ኔትወርክ) መደረግ አለበት። ይህ በዊንዶውስ ሆም ላይ የለም፤ ለሰርቨርነት የሚቀመጥ ኮምፒውተር ቢያንስ ፕሮ ቢሆን የሚመከረው አንዱ ለዚህ ነው። የፕሪንተሩም አድራሻ በራሱ ማሳያ ላይ ብቻ ሳይሆን በየላፕቶፑ የፕሪንተር ፖርት ላይም ይቀየራል፤ አለዚያ ኦፍላይን እንዳለ ይቀራል።

መጨረሻ ላይ ኬብሉም ዋይፋዩም እንደተያያዙ ሲኤምዲ ላይ «ራውት ፕሪንት» ይጻፍ። በአይፒቪ 4 ሰንጠረዥ በ0.0.0.0 የሚጀምረው መስመር አንድ ብቻ ሆኖ በዋይፋዩ በኩል መውጣት አለበት። ሁለት ሆኖ ከታየ አንዱ ካርድ ላይ የተረሳ ጌትዌይ አለ።