እጀ ባዶዎቹ የት ደረሱ? የአንድ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጀማሪ ማስታወሻ ከጎንደር

ክረምት ላይ የጀመርኩት ረጅም ልብ ወለድ እኩሌታውን አልፏል። ለማታውቁት ባጭሩ፦ ታሪኩ የሚፈጸመው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ በጠፈር ላይ በሚሽከረከር ግዙፍ መኖሪያ ውስጥ ነው። ነዋሪዎቹ የጦር መሣሪያ የማይነኩ፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ከደጃቸው የማያስገቡ ሃይማኖተኞች ናቸው። አላፊ አግዳሚ ነጋዴዎች «እጀ ባዶዎቹ» ይሏቸዋል። ማኅበሩ የየትኛውም ቤተ እምነት ምስል አይደለም፤ ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ምናኔ ሲጽፍ ግን ብዕሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ታውቃላችሁ።

የመጀመሪያው ጣጣ አየር ነው። ምድር ላይ ማሽን በቃኝ ያለ ሰው ገጠር ገብቶ ያርሳል። ጠፈር ላይ ግን የሚተነፍሰውን የሚሰጠው ማሽን ነው። አንድ ሰው በቀን 0.84 ኪሎ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ማሽን ካልሰጠው ተክል መስጠት አለበት። እጀ ባዶዎቹ ተክሉን መረጡ። ምርጫው ያምራል፤ ዋጋውን ለማወቅ ግን የባዮስፊር 2ን ታሪክ ማንበብ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ አሪዞና ውስጥ 8 ሰዎች 1.27 ሄክታር በሚሸፍን የታሸገ የመስታወት ሕንፃ ገብተው፣ የሚበሉትን እያመረቱ ለሁለት ዓመት ኖረዋል። ኦክስጅኑ ከ20.9 በመቶ ቀስ በቀስ ወደ 14.5 በመቶ ገደማ ወረደ፤ በመጨረሻ ከውጭ እንዲጨመርላቸው ግድ ሆነ። በለሙ አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ኦክስጅኑን ይወስዳሉ፤ የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ፣ ተክሎቹ መልሰው ኦክስጅን ሳያደርጉት በፊት፣ የሕንፃው ኮንክሪት ይመጠዋል። ማንም ያልጠረጠረው ሌባ ግድግዳው ውስጥ ነበር። ለልብ ወለድ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ስጦታ ከየት ይገኛል?

ከዚህ ንባብ በኋላ የጻፍኩት ክፍል እስካሁን ከሁሉም የምወደው ነው። እጀ ባዶዎቹ የኦክስጅን መለኪያ የላቸውም፤ ጧፍ ግን አላቸው። ኦክስጅን ወደ 16 በመቶ ሲወርድ ሰው እያቃሰተም ቢሆን ይኖራል፣ ነበልባል ግን ይጠፋል። ከረቂቁ ትንሽ ላካፍላችሁ፦

ሽማግሌው ጧፉን ከፍ አደረጉ። ነበልባሉ አጠረ። ቢጫው ሄዶ ሰማያዊው ብቻ ቀረ፤ ከዚያ ክሩ ጫፍ ላይ ቀይ ነጥብ፤ ከዚያ ጢስ። ልጁ ሌላ ጧፍ አቀበላቸው። እሱም እምቢ አለ።
«አባታችን፣ ክሩ ረጥቦ ይሆናል።»
«አይደለም ልጄ። ሕዝቡን ተቀመጡ በላቸው። ዛሬ ቆመን አንጸልይም።»

የተቀመጠ ሰው ከቆመ ሰው ያነሰ አየር ይጠቀማል። ሽማግሌው ይህን የተማሩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ማኅበሩ በዕድሜው ያካበተው ዕውቀት ነው። ከጓደኞቼ አንዱ «ቧሂት ተራራ ላይ አየር ያንሳል፣ ክብሪት ግን ይነዳል» ብሎ ተከራክሮኛል። ልክ ነው፤ ተራራ ላይ አየሩ ይሳሳል እንጂ በውስጡ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 20.9 በመቶ ነው። ሳንባ የሚቸገረው በመሳሳቱ ነው፤ ነበልባል ይበልጥ የሚያየው ድርሻውን ነው። በታሸገ ቤት ውስጥ የሚቀንሰው ድርሻው ስለሆነ ጧፉ ቀድሞ ይናገራል።

ክብደትን በተመለከተ ሥራው ቀሎልኛል። ራዲየሱ 224 ሜትር የሆነ መንኮራኩር በደቂቃ 2 ጊዜ ቢዞር፣ ጠርዙ ላይ የቆመ ሰው የምድርን ያህል ክብደት ይሰማዋል። አንዴ ከተነሣ ደግሞ በባዶ ጠፈር ውስጥ የሚያቆመው ነገር ስለሌለ ሞተር አይሻም። እጀ ባዶዎቹ በዚህ ላይ ቀኖና ሠርተዋል፦ ማንም የማይገፋው መንኮራኩር ማሽን አይባልም። ተንኮለኛ ብልሃት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሃይማኖተኞች ሁሉ እንዲህ ያለ ብልሃት አላቸው።

ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው። ቴክኖሎጂን በጅምላ የሚጠላ ማኅበር ለታሪክ አይመችም፤ ሁሉንም እምቢ ካለ በኋላ የሚያደርገው የለም። ታሪክ ያለው ድንበሩን የት እንደሚያሰምር ሲከራከር ነው። ለዚህ አሚሾችን፣ አሜሪካ ውስጥ በገጠር ተሰባስበው የሚኖሩትን ክርስቲያኖች፣ ማጥናት ረድቶኛል። እ.ኤ.አ. በ1693 በያዕቆብ አማን መሪነት ከሌሎቹ አናባፕቲስቶች (አዋቂዎችን ብቻ ከሚያጠምቁ ክርስቲያኖች) የተለዩት እነዚህ ሰዎች፣ ብዙዎቻችን እንደምንገምተው አዲስ ነገር ስላዩ ብቻ አይሸሹም። የሚጠይቁት «ይህ ዕቃ አብሮነታችንን ምን ያደርገዋል?» ብለው ነው። ብዙዎቹ ቤታቸውን ከኤሌክትሪክ መስመር አያገናኙም፤ ግን በታመቀ አየር የሚሠሩ መሣሪያዎች ያሏቸው የእንጨት ሥራ ቤቶች አሏቸው። ስልክ ሳሎን ውስጥ አይገባም፤ በአንዳንዱ መንደር ግን ጎረቤት የሚጋራው ስልክ ከቤት ራቅ ያለች ትንሽ ጎጆ ውስጥ ይቀመጣል። ውሳኔውን የሚሰጠው ደግሞ የየአጥቢያው ጉባኤ ነው። አንዱ መንደር የፈቀደውን ሌላው ይከለክላል።

ከደጃችንም ትምህርት አለ። ዋልድባ ገዳም እህል አይገባም፤ መናንያኑ የሚመገቡት ከሙዝና ከሥራሥር የሚዘጋጀውን ቋርፍ ነው። እህል ቀረ ማለት ድካም ቀረ ማለት አይደለም፤ እምቢታው ራሱን የቻለ ሙያ ይወልዳል። እንዲህ ያለውን ታሪክ ስትጽፉ ገጸ ባሕርያቱ ምን እንደተዉ ብቻ ሳይሆን በተዉት ምትክ ማን ምን እንደሚሠራ አሳዩ። በእኔ ልብ ወለድ ፓምፕ ሳይኖራቸው ውሃ የሚያወጡ ሰዎች ትከሻ አንድ ምዕራፍ ወስዷል፤ ረዘመ ያሉኝ አሉ፣ አልቆርጠውም።

የዘመን አቆጣጠሩን ያገኘሁት ከባሕረ ሐሳብ፣ ቤተ ክርስቲያን በፀሐይና በጨረቃ ዑደት ጾምና በዓላትን ከምታሰላበት ቀመር፣ ነው። ኮምፒውተር የሌለው ማኅበር ጾምና በዓሉን እንዴት ያውቃል? በአታ አካባቢ የሚያስተምሩ አንድ መምህር ዘንድ ሄጄ «የኔታ፣ ጨረቃን አይቶ የማያውቅ ሰው ባሕረ ሐሳብ ሊቆጥር ይችላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥያቄው አላስገረማቸውም። «ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ስንቱን አስተምረው የለ? በቃል እንጂ በዓይን አይቆጠርም» አሉኝና ያዝ ብለው ጀመሩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዘመን እና 2018 ዓ.ም. ሲደመር 7518። በ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንዱን ለዘመኑ ስትተው 12 ወንበር ይሆናል። ወንበሩን በ11 ብታበዛው 132፣ በ30 ሲገደፍ 12 ቀረ፤ አበቅቴ ነው። በ19 ብታበዛው 228፣ በ30 ሲገደፍ 18፤ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ስለሚመጡ የተሳሳተ ተማሪ ወዲያው ይያዛል። እኔ ወረቀት ላይ እየጻፍኩ፣ እሳቸው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ ቀደሙኝ። በልብ ወለዱ ውስጥ ትውልድ አልፎ ትውልድ ሲተካ እጀ ባዶዎቹ ያላዩትን ጨረቃ በጣታቸው ይቆጥራሉ፤ ከ532 ዓመት በኋላ ዐቢይ ቀመሩ ዞሮ ሲገጥም የሚያደርጉት በዓል የመጽሐፉ ማዕከል ይሆናል ብዬ አስቤያለሁ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል፣ ወደ ሰላም። ማሽንን መተው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ጠላት በሌለበት ሰላማዊ መሆን ማንንም አይፈትንም፤ ስለዚህ ውሃ የሚዘርፉ ወንበዴዎች አመጣሁባቸው። ከታሪክ ሁለት ነገሮች ሳላስበው አላድርም። በካውካሰስ የነበሩት ዱኮቦሮች፣ ጦርነትን የሚቃወሙ ሩሲያውያን ክርስቲያኖች፣ እ.ኤ.አ. በ1895 መሣሪያቸውን ሰብስበው በአደባባይ አቃጠሉ፤ ግርፋትና ስደት ተከተላቸው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩት ወደ ካናዳ ተሻገሩ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1569 ኔዘርላንድ ውስጥ፣ በእምነቱ ምክንያት ከታሰረበት ያመለጠው አናባፕቲስቱ ዲርክ ቪለምስ ነው። በስስ በረዶ ላይ ሮጦ አመለጠ፤ የሚያሳድደው ሰው ግን በረዶው ተሰብሮበት ሰጠመ። ዲርክ ተመልሶ አወጣው። ተያዘና በእሳት ተቃጠለ። የእኔ ታሪክ ይህን ጭካኔ ሳያለሳልስ መሸከም አለበት ብዬ አምናለሁ፤ በልብ ወለዴ ያለችው ልጅ የምትመለሰው የጠፈር ልብሱ ጓንት የተቀደደበትን ወንበዴ ለማዳን ነው።

እዚህ ላይ የጎንደር አንባቢ የሚጠብቀውን አውቃለሁ። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ከተማዋን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከጥፋት ያዳናት የንብ መንጋ እንደነበር ሲነገረን አድገናል። ፒያሳ ላይ ረቂቅ ስንነባበብ «ንቡ መቼ ነው የሚመጣው?» ያለኝ ሰው ነበር። አይመጣም። ትውፊቱን አከብራለሁ፤ ልብ ወለድ ውስጥ ግን በመጨረሻው ሰዓት የሚደርስ ንብ ገጸ ባሕርያቱን ከምርጫቸው ነፃ ያወጣቸዋል፤ እኔ ደግሞ ምርጫቸውን ማየት ነው የምፈልገው።

አሁን እየሠራሁበት ያለው የዘረፋው ምዕራፍ ነው፤ ፊዚክሱ ደስ የሚል ነገር ሰጥቶኛል። ወንበዴዎቹ መርከባቸውን የሚያስጠጉት ክብደት በሌለበት በመንኮራኩሩ መሐል ነው፤ ውሃው ያለው ግን ጠርዙ ላይ ነው። ውሃው ከጠርዝ ወደ መሐል በተጫነ ቁጥር፣ እጆቿን ወደ ደረቷ እንደምትሰበስብ ተሽከርካሪ ጨፋሪ፣ መንኮራኩሩ ይፈጥናል። ለመዞር ያለው እምቢታ በ5 በመቶ ቢቀንስ ጠርዙ ላይ ያለ ሰው ክብደት በ11 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ 60 ኪሎ የነበረች አሮጊት ከ66 ኪሎ በላይ ትሸከማለች ማለት ነው። ስለዚህ እጀ ባዶዎቹ እየተዘረፉ ይከብዳሉ፤ መስኮት ሳያዩ ስንት ውሃ እንደሄደባቸው በጉልበታቸው ያውቃሉ። የቀረኝ የውሃውን መጠን ከመኖሪያው ጠቅላላ ክብደት ጋር ማስታረቅ ነው። ፊዚክስ የምታስተምሩ ካላችሁ ስሌቴን እልክላችኋለሁ፤ ያለ ርኅራኄ አርሙልኝ።