መኪናዋ የተማረችው መስኮቱን ነበር

ሰላም ናችሁ? ቅዳሜ ማታ ትንሿ የውድድር መኪናዬ ማንም ሳይነካት ሳሎናችንን ሦስት ጊዜ ዞረች። ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ደስታዬ ገና ስላልወጣልኝ እስካሁን የሆነውን ልንገራችሁ፤ በተለይ አንድ ሳምንት ሙሉ ያንከራተተኝን ነገር።

መኪናዋን አክስቴ ከዱባይ ስትመጣ ነው ያመጣችልኝ። ከእውነተኛ መኪና 16 ጊዜ ታንሳለች። እኔ ራስበሪ ፓይ 4 የምትባል ትንሽዬ ኮምፒውተር እና ካሜራ አሰርኩባት። መኪናዋን በራሷ መንዳት የሚያስተምራት ሶፍትዌር ዶንኪ ካር ይባላል፤ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ በነጻ የሚገኝ፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። መኪና ልትገዙ ካሰባችሁ አንድ ነገር አጣሩ። መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ እና የሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ለየብቻ ይሁኑ፤ እያንዳንዳቸውም ባለ ሦስት ሽቦ መሰኪያ ይኑራቸው። ርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ ሁሉም ነገር አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ተጣብቆ ስለሚመጣ ኮምፒውተሩን የምትሰኩበት ቦታ አታገኙም።

ሰርቮን ማዘዝ ቀላል ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይላክለታል። ምቱ 1.5 ሚሊሰከንድ ሲቆይ ጎማው መሃል ላይ ይቆማል። ወደ 1 ሲያጥር በአንዱ በኩል፣ ወደ 2 ሲረዝም በሌላው በኩል ይታጠፋል። የእኔዋ ግን መሃል ላይ ነው ስላት ወደ ቀኝ ትጎትት ነበር። ኮሪደር ላይ እየለቀቅኳት፣ ቁጥሩን ትንሽ ትንሽ እየቀየርኩ፣ ቀጥ ብላ እስክትሄድ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ይህን አትዝለሉት። መሪው ከተዛባ፣ ኋላ መኪናዋን ለማስተማር የምትቀዱት አነዳድ ሁሉ የተዛባ ይሆናል።

ዶንኪ ካር የሚማረው አነዳዳችሁን አይቶ ነው። እኔ ሳሎናችን ወለል ላይ በነጭ ፕላስተር ባሰመርኩት መንገድ በጆይስቲክ እነዳለሁ። ኮምፒውተሩ በሰከንድ 20 ፎቶ ያነሳል፤ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር መሪው ምን ያህል እንደታጠፈ፣ ለሞተሩ ምን ያህል ኃይል እንደተሰጠ ይመዘግባል። ፎቶው ትንሽዬ ነው፣ 160 በ120 ፒክስል። ስምንት ደቂቃ ከምናምን ስነዳ 10,000 ፎቶ ሞላልኝ። በዚያ ሞዴሉን፣ ማለትም ፎቶ አይቶ መሪው ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚወስነውን ፕሮግራም፣ ላፕቶፔ ላይ አሰለጠንኩት።

ጠዋት ላይ እንደ ጉድ ነዳ። ከሰዓት ግን መኪናዋ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ስትደርስ ሳትታጠፍ ቀጥ ብላ ሶፋው ሥር ትገባለች። ኮዱን አገላበጥኩ፣ ባትሪ ቀየርኩ፣ ካሜራውን አጠበቅኩ። ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ቁጭ ብዬ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው።

የሳሎናችን ወለል የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ነው። ጠዋት ጠዋት የመስኮቱ ብርሃን ልክ ኩርባው ጋ ወለሉ ላይ ይተኛል። ፎቶው ላይ መንገዱን ካሰመርኩበት ነጭ ፕላስተር በላይ ደምቆ ይታያል። የቀዳሁት በሙሉ ደግሞ በአንድ ጠዋት ነው። ለማረጋገጥ በማግስቱ በዚያው ሰዓት መጋረጃውን ዘጋሁና ለቀቅኳት። ሶፋው ሥር ገባች! ለካ ስትታጠፍ የነበረው ፕላስተሩን አይታ ሳይሆን ያንን ብርሃን አይታ ነው።

ከዚያ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ በአምፖል፣ መጋረጃ ከፍቼም ዘግቼም ቀዳሁ። ሶፋው ሥር መግባቱ ቀረ። ግን አንዴ መስመር ከሳተች መመለስ አታውቅም። ከየት ታውቃለች? እኔ ሁልጊዜ መሃል መሃሉን ስነዳ ነው ያየችው። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ መኪናዋን ጠርዝ ላይ አጣሞ ያስቀምጥልኛል፣ «ቅዳ!» ይለኛል፣ እኔ ወደ መሃል መልሼ ቀረጻውን አቆማለሁ። ይህን ከ200 ጊዜ በላይ ደጋገምነው። ስትወጣ መቅዳት የለባችሁም፤ መውጣትንም ትማራለችና። የምትቀዱት መመለሷን ብቻ ነው። የቅዳሜው ሦስት ዙር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ የግራ ጎማዋ ፕላስተሩን ረገጠ፣ ትንሽ ተወላገደች፣ ከዚያ ራሷ ወደ መሃል ተመለሰች። ወንድሜ ጮኸ፤ እኔ ቃል አልወጣኝም።

ለጊዜው ሞዴሉ የሚይዘው መሪውን ብቻ ነው፤ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጌ አንድ ቦታ ላይ አስሬዋለሁ። በሰከንድ 2 ሜትር ከሄደች በሁለት ፎቶዎች መካከል 10 ሳንቲሜትር ታልፋለች፤ ኩርባዬ ላይ ይህ ብዙ ነው። ፍጥነቱንም ለሞዴሉ የለቀቃችሁ ካላችሁ ከየት እንደጀመራችሁ ጻፉልኝ።