ባሕሩ በባቲ በኩል፣ ቲኬቱ በቦሌ

ደሴ ተቀምጦ ባሕር ዳርቻ መዝናናት ያማረው ሰው መጀመሪያ ካርታ ይመልከት። ለእኛ ቅርቡ ባሕር ጅቡቲ ነው። ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ጋላፊ፤ ከዚያ በዲኪል አድርጎ ጅቡቲ ከተማ። የኮምቦልቻ ከባድ መኪና ሹፌሮች መንገዱን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል። እኔ፣ ባለቤቴና ታናሽ እህቴም በዚሁ ልንወርድ ነበር ያሰብነው። አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ስንት ንዴት በቀረልኝ።

ወቅቱን በቶሎ ልጨርሰው። ትምህርት የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ ስለሆነ ሰው ሁሉ ዕረፍቱን ያኔ ያደርጋል። ጅቡቲን ግን ያኔ አትሞክሯት። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ካምሲን የሚሉት ነፋስም ፊት ይለበልባል። የጦሳ ተራራን ብርድ የለመደ ገላ አይችለውም። ከኅዳር እስከ ጥር ሂዱ። ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣውም በዚያው ሰሞን ነው።

ፓስፖርት ነበረን። ቪዛው በኢንተርኔት ነው፤ ክፍያውን የውጭ ካርድ ያላት የአክስቴ ልጅ ከፈለችልን። ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የቢጫ ወባ ክትባት ማረጋገጫ፣ ያስፈልጋል። ክትባቱ መሥራት የሚጀምረው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነውና ለመጨረሻ ሳምንት አታቆዩት። የባለቤቴ ካርድ የቆየ ስለሆነ «10 ዓመት አልፎታል፣ ድገም» ብለውት ነበር። አትድገሙ! እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት ደንብ አንዴ የተወሰደ ክትባት ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ተከራክሮ አሳመናቸው። እሱ ክርክር ነፍሱ ነው፤ እኔ ብሆን ተወግቼ እወጣ ነበር።

አሁን ወደ ባንኩ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ገበያ ከተከፈተ ወዲህ ለመንገደኛ ዶላር ማግኘት ቀሏል ሲባል ሰምቼ ነበር የሄድኩት። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት።

«እትዬ፣ ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት።»

ሁለቱን ሰጠኋት።

«ቲኬቱስ?»

«በመኪና ነው የምንሄደው።»

«የሚያስፈልገው የአውሮፕላን ቲኬት ነው።»

«በጋላፊ ነው የምንሻገረው ስልሽ! በዚያ አውሮፕላን የለም።»

«እሱማ ገብቶኛል እትዬ። ሲስተሙ ግን አያሳልፈኝም።»

አለቃዋ ዘንድ ገባሁ። ከትራንስፖርት ማኅበር ማረጋገጫ አምጪ አለኝ። መናኸሪያ ወረድኩ። የማኅበሩ ጸሐፊ ሳቀ። «እኛ እስከ ሎግያ ነን። ከዚያ ወዲያ እኔ ምን አውቄ?» ቢሆንም አልጨከነብኝም፤ በእጁ ጽፎ ማህተም መታልኝ። አለቃው ወረቀቱን በጥፍሩ መስመር በመስመር እየተከተለ አነበበው፤ ታች ሲደርስ ጥፍሩ ቆመ። «ቁጥርና ቀን የለውም።» ተመለስኩ። ማህተም ያዡ ለቅሶ ሄዷል። በማግስቱ ቁጥርም ቀንም አስገብቼ መጣሁ። አሁን ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ይሄ እስከ ሎግያ ነው የሚለው። ሎግያ አገር ውስጥ ነው። ለሎግያ ዶላር አይሸጥም።»

እውነቱን ነው! የሚያናድደውም እሱ ነው። እያንዳንዱ መልስ ለብቻው ልክ ነው፤ ሲደመር ግን ያው በሩ ዝግ ነው። በየብስ ለሚሻገር ሰው ምን ይፈለጋል ብዬ ጠየቅኩ። «መመሪያው ነው» አለኝ። መመሪያውን አሳየኝ አልኩት፤ የሚያሳየኝ ጠፋ። መጨረሻ ላይ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቀና ብሎ አየኝና፣ «እህቴ፣ ውሃ ዳር መዝናናት ከሆነ እዚሁ ሐይቅ አለ አይደል?» አለኝ። ሐይቅን ማን ጠላ? ዓሣውንም ገዳሙንም እወዳለሁ። ግን የዕረፍቴን ቦታ እንዲመርጥልኝ አልነበረም የሄድኩት። ባለቤቴ ውጭ ቆሞ «አብሽሪ» ይለኛል። ያን ቀን አብሽሪ የሚለኝን ሁሉ ባልሰማ እመርጥ ነበር።

በመጨረሻ ደርሶ መልስ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጥን፤ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ። ቲኬቱን ያየች ዕለት ልጅቷ ያለ አንድ ጥያቄ ዶላሩን ቆጥራ ሰጠችኝ። ባሕሩ በምሥራቅ፣ እኛ ወደ ደቡብ ምዕራብ በረርን! የቲኬቱን ዋጋ ሳስብ እስካሁን ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። የጉዞ ወኪሎች «መጀመሪያ ምንዛሪውን አረጋግጡ፣ ከዚያ ቲኬት» ይላሉ። ተገላቢጦሽ ነው። ቲኬት ሳትይዙ ባንክ ደጃፍ አትድረሱ። በየብስ ካልሄድን ሞተን እንገኛለን ካላችሁ ደግሞ ባንኩ የሚፈልገውን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በቃል የተነገረ ነገር በማግስቱ ይቀየራል። ደብዳቤ ስታጽፉም ቁጥሩን፣ ቀኑንና ለማን እንደተጻፈ እዚያው ቆማችሁ አንብቡ።

ጅቡቲ ከደረሳችሁ ነገሩ ሁሉ ቀላል ነው። ከተማው ውስጥ አማርኛ የሚሰማ አታጡም። ከዋና ከተማው ወጥታችሁ ታጁራ ከተማ እደሩ። መርከብ አለ፣ በየቀኑ ግን አይደለም። እኔ መሄጃውን በመኪና፣ መመለሻውን በመርከብ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም የመኪናው መንገድ ጉቤት በሚባለው የባሕር ወሽመጥ በኩል ያልፋል፣ አሳል ሐይቅም ከዚያው ቅርብ ነው። አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ይገኛል፤ በአፍሪካ ከእሱ ዝቅ ያለ መሬት የለም። ከደሴ ከፍታ ለወረደ ሰው ጆሮ ይደፍናል። ዳርቻው ነጭ ጨው ነው፣ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። እህቴ ቆንጥራ ቀመሰችና ፊቷን አጨማዳ ውሃ ውሃ አለች። ክፍት ጫማ አታድርጉ፤ የጨው ስለቱ እግር ይቆርጣል።

ዌል ሻርኩን ለማየት በጀልባ ወጣን። ሰው አይበላም፤ ምግቡ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ነፍሳት ነው። ቢሆንም ዋና ካልቻላችሁ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ለፎቶ ብላችሁ እንዳታወልቁ። እህቴ ገባች፣ ባለቤቴ ገባ፤ እኔ ከጀልባው ሆኜ ጀርባው ላይ ያሉትን ነጫጭ ነጠብጣቦች አየሁ፣ በቂዬ ነው።

ምሳ ላይ በየመኖች አሠራር የተጋገረውን ዓሣ ብሉ። መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ ምድጃ ውስጥ ይጠበሳል፤ ከትልቅ ስስ ቂጣ ጋር ይመጣል። ርካሽ አይደለም። ጅቡቲ ውስጥ ርካሽ ነገር አትፈልጉ። የጅቡቲ ፍራንክ ምንዛሪ ለአንድ ዶላር 177.721 ሆኖ የተወሰነ ስለሆነ ከዚያ በጣም ያነሰ የሚሰጣችሁን ዘርዛሪ እለፉት። ዓርብ ደግሞ ቢሮ ዝግ ነው፤ የቢሮ ጉዳይ ካላችሁ እስከ ሐሙስ ጨርሱት። የተረፋችሁን ፍራንክም እዚያው አጥፉት። እኔ ይዤ መጥቼ ደሴ የሚቀይርልኝ አጥቻለሁ፤ ባንኩንማ አልጠየቅኩም።