ሁለት ውኃ ያለው ደሴት፦ አሳቲግ ላይ ያሳለፍነው ሰመር

ሜሪላንድ የምንኖር ሰዎች ለሰመር ባሕር እንሂድ ስንባባል ቶሎ የሚመጣልን ኦሽን ሲቲ ነው። እኔና ባለቤቴ ግን ከኦሽን ሲቲ በስተደቡብ ያለውን አሳቲግ ደሴትን መረጥን። የመረጥነውም አንድ ደሴት ላይ ሁለት ዓይነት ውኃ ስለሚገኝ ነው። በምሥራቅ በኩል አትላንቲክ ውቅያኖስ አለ። በምዕራብ በኩል ደግሞ ሲኔፐክሰንት ቤይ የሚባል ጥልቀቱ ትንሽ፣ ሞቅ ያለና ሞገዱ የማያስፈራ ውኃ አለ። በመኪና ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ደቂቃዎች ይበቃሉ።

ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ነው ያደግሁት፤ ዋና አልችልም። እሱ የሐዋሳ ልጅ ስለሆነ ሐይቅ ውስጥ እየተንቦጫረቀ ነው ያደገው። ዋና የሚችልና የማይችል ሰው አብረው ውቅያኖስ ዳር ብቻ ሲያርፉ አንዱ ይዋኛል፣ ሌላው ልብስ ይጠብቃል። ቤዩ ይህን ችግር ፈታልን። ብዙ ቦታ ከወገብ በላይ ስለማይደርስ እኔም ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ እውል ነበር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ መንገዱ ክፍት ከሆነ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ክፍት ካልሆነ የሚዘጋው ቼሳፒክ ቤይን የሚሻገረው ቤይ ብሪጅ ላይ ነው። ሰባት ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ይህን ድልድይ ዓርብ ከሰዓትና ቅዳሜ ጠዋት ወደ ባሕር የሚሄደው ሕዝብ ሁሉ ይፈልገዋል። እኛ በሥራ ቀን፣ ገና ሳይነጋ ስለተነሣን እንደ ልብ አለፍነው። የድልድዩ ክፍያ ሲኬድ ብቻ ነው፤ ሲመለሱ የለም።

ከመሄዴ በፊት ሹሩባ ተሠራሁ። ጨው ውኃና አሸዋ የገባበትን ፀጉር በየማታው ማፍታታት ምን እንደሚመስል የምታውቅ ሴት ምክንያቱን ትረዳኛለች። ሰንስክሪንም በብዛት ያዝን። የእኛ ቆዳ አይቃጠልም የሚል ወሬ አለ፤ ትክክል አይደለም። ፀሐዩ ከላይም ይመጣል፣ ከውኃውም ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ ትከሻና አፍንጫ ቶሎ ይላጣል።

መጀመሪያ ያረፍነው በድንኳን ነው፣ በኋላ ወደ ሆቴል ዞርን። የድንኳን ቦታው ሰመር ላይ ስለሚያልቅ በኢንተርኔት ከወራት በፊት ይያዛል። አሸዋ ተራ የድንኳን ካስማ አይዝም፤ ረጅምና ሰፋ ያለ ለአሸዋ የተሠራ ካስማ ያስፈልጋል፣ ነፋሱ ቀልድ አያውቅም። ምግብ ደግሞ መኪና ውስጥ ተቆልፎበት ይቀመጣል፣ ምክንያቱም ደሴቱ ላይ ፈረሶች አሉ። ባለቤት የሌላቸው፣ በአሸዋው ላይ እንደልባቸው የሚሄዱ ፈረሶች ናቸው። ከሰመጠ የስፔን መርከብ ዋኝተው የወጡ ናቸው የሚል ተረት አለ። ይበልጥ የሚታመነው ግን በ17ኛው መቶ ዘመን በዋናው ምድር የነበሩ ገበሬዎች ከከብት ግብር እና ከአጥር ሕግ ለመሸሽ ወደ ደሴቱ ያሻገሯቸው ፈረሶች ዘር ናቸው የሚለው ነው። ቆንጆ ናቸው፣ ይራገጣሉም፣ ይነክሳሉም። ሕጉ አሥራ ሁለት ሜትር ያህል ራቁ ይላል። አንድ ጠዋት አንዲት እናት ከነውርንጭላዋ በድንኳናችን አጠገብ ስታልፍ ባለቤቴ እጄን ይዞ «ቆይ፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አለኝ። እስኪያልፉ ተቀመጥን። ከዚህ ሁሉ ጉዞ ያንን ጠዋት ነው አብልጬ የምወደው።

ቀናችንን የሠራነው በነፋሱ ነው። በሰመር ጠዋት ባሕሩ ዳር ብዙ ጊዜ ጸጥ ይላል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይወጣና ቀዝቃዛው የባሕር አየር ቦታውን ሊይዝ ይገባል፤ ለዚህ ነው ከቀትር በኋላ ነፋሱ የሚበረታው። ስለዚህ ካያክ (በመቅዘፊያ የምትሄድ ትንሽ ጀልባ) በጠዋት፣ ቤዩ ላይ። መጀመሪያ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘን እንቀዝፋለን፣ ስንደክም እሱ ራሱ ገፍቶ ይመልሰናል። የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ዋና የሚችለውም መልበስ አለበት። ሳሩ መካከል ነጭ ሽመላ ቆማ ዓሣ ስትጠብቅ አጠገቧ ድምፅ ሳናሰማ እናልፍ ነበር።

ውቅያኖሱ ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም የነፍስ አድን ጠባቂዎች ባሉበት ቦታና ሰዓት ብቻ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ከእኛ ማኅበረሰብ ብዙ ሰው ባሕርን የሚያውቀው በሐይቅ ነው። ሐይቅ አይጎትትም። ውቅያኖስ ግን ሞገዱ ወደ ዳር የገፋው ውኃ ተመልሶ የሚወጣበት ጠባብ መስመር ያበጃል፤ ሪፕ ከረንት የሚሉት እሱ ነው። አሳሳቹ ነገር መልኩ ነው፤ ግራና ቀኙ ሞገድ ሲሰበር መካከሉ ላይ ረጋ ብሎ የሚታየው ቦታ፣ ልጅ ይዞ ለመግባት የሚያስመኘው፣ ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ ነው። የያዘው ሰው ወደ ዳር ተጋፍቶ መዋኘት የለበትም፣ ኃይሉን ይጨርሳል። ከዳሩ ጋር ጎን ለጎን መዋኘት፣ ከመስመሩ ሲወጡ ወደ ዳር መመለስ። ካልሆነ ተንሳፍፎ እጅ እያወዛወዙ መጣራት። ባለቤቴ ጎበዝ ዋናተኛ ቢሆንም በየዕለቱ መጀመሪያ የሚያደርገው ጠባቂዋ ጋ ሄዶ «ዛሬ የት ነው የሚጎትተው?» ብሎ መጠየቅ ነበር። እሷም በጣቷ ታሳየዋለች። የትናንቱ ቦታ የዛሬ አይደለም፣ ከውኃው በታች ያለው አሸዋ ይንቀሳቀሳልና።

አሸዋው ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ደሴቱ ራሱ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1933 የመጣ አውሎ ነፋስ ነው ኦሽን ሲቲንና አሳቲግን በውኃ የለያቸው። በ1950ዎቹ ደሴቱ ለቤት መሥሪያ ተሸንሽኖ ተሽጦ፣ ባልቲሞር ቡለቫርድ የሚባል አስፋልት ተዘርግቶበት ነበር። በማርች 1962 የመጣው ማዕበል ሥራውን ጠራረገው፤ በ1965 ደሴቱ ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ሆነ። የአስፋልቱ ስብርባሪ ዛሬም በአሸዋ ክምሮቹ መካከል በእግር ሲኬድ ይታያል። ያ ማዕበል ባይመጣ እኛ የቆምንበት ቦታ የሰው ጓሮ ይሆን ነበር።

ወደ ምግቡ ልምጣ። ባለቤቴ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት አይበላም፣ እምነቱ ነው፤ እኔ እበላለሁ። ምግብ ቤት ስንገባ ለእሱ ፍላውንደር ወይም ሮክፊሽ የሚባለውን ዓሣ በግሪል እናዛለን። የተጠበሰ ሲባል ግን መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ብዙ ቦታ ዓሣውና ሽሪምፑ በአንድ ዘይት ነው የሚጠበሱት። አስተናጋጆቹ ሲጠየቁ በግልጽ ይናገራሉ።

የእኔ ድግስ ሸርጣን ነበር። የሜሪላንድ ሰው ሸርጣን የሚበላው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግቶ፣ በእንጨት መዶሻ እየሰበረ፣ በእጁ ነው። በእንፋሎት በስሎ በቅመም ተሸፍኖ ይመጣል። ከቅመሞቹ ዝነኛው ኦልድ ቤይ ነው፤ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ ባልቲሞር የገባው ጉስታቭ ብሩን የፈጠረው። በሚጥሚጣ ላደገ ምላስ እንግዳ አይደለም፣ ዓይን ሲነኩበት ግን ያው ሚጥሚጣ ነው። ሲገዛ ክብደት ይታያል። ሸርጣን ለማደግ ቅርፊቱን ስለሚጥል፣ አዲስ ቅርፊት ያበቀለው ትልቅ መስሎ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ከባዱን ምረጡልኝ ማለት ነውር የለውም። ከተከፈተ በኋላ በጎንና በጎን ያለው ግራጫ ላባ የሚመስለው መተንፈሻው ይጣላል።

ቤዩ ውስጥ ደግሞ ክላም የሚባለውን፣ አሸዋ ውስጥ የሚቀበር ቅርፊታም የባሕር ፍጥረት በእግር ጣት እየዳበስን እናወጣ ነበር። ባለቤቴ አይቀምሰውም፣ መፈለጉን ግን ከእኔ በላይ ወደደው፤ አንድ ባገኘ ቁጥር «ይኸውልሽ!» እያለ ይወረውርልኛል። ስንት ማውጣት እንደሚቻል የግዛቱ ደንብ ስለሚወስን ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ክላም አሸዋውን እንዲተፋ ባሕር ውኃ ውስጥ ይቆያል፤ ሲቀቀል አፉን ያልከፈተ አይበላም።

ሌሊት ከመምጣቱ በፊት ከቤዩ ወገን መውጣት ግድ ነው፣ የወባ ትንኝ ዘመዶች እዚያ ይሰበሰባሉ። እኛ ወደ ውቅያኖሱ ወገን ተመልሰን ጀበና እንጥድ ነበር። ምድጃውን ከነፋስ በመኪናው ከልለን፣ ቆሎ ይዘን፣ ሦስተኛው እስኪወርድ እናወራለን። ቤት ውስጥ በሥራ ፈረቃ ተላልፈን የምንኖር ሰዎች ነን፤ እሱ ሌሊት ይነዳል፣ እኔ ጠዋት ሆስፒታል እገባለሁ። ያለ ስልክ፣ ያለ ችኮላ ያን ያህል ያወራነው ከተጋባን ሰሞን ወዲህ አልነበረም።

ይህ ጉዞ በሐምሌ ነበር፤ የመጪውን ግን ቀን ቀይረናል። ውቅያኖስ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ከሰመሩ መጀመሪያ ይልቅ መጨረሻው ላይ ለመግባት ይመቻል። ሸርጣኑም ያኔ ይበልጥ ይወፍራል፣ ከሌበር ዴይ (የሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሰኞ) በኋላ ደግሞ የሆቴል ዋጋ ይወርዳል። ፍልሰታ ነሐሴ 16 ትፈታለች። እንቁጣጣሽን ከቤተሰብ ጋር ማሳለፍ እንፈልጋለን። የሁለቱን መካከል ይዘናል። ለዚያ ወቅት የድንኳን ቦታ ምዝገባው የካቲት ላይ ስለሚከፈት ማስታወሻውን ሁለታችንም ስልክ ላይ አስገብተናል፤ እኔም እስከዚያው ዋና እየተማርኩ ነው።